ለክራፍት ቢራ ወዳጅ የሚሆን ስጦታ፦ ከብርጭቆ እስከ መጥመቂያ ዕቃ

ቢራ ለሚወድ ሰው ስጦታ መግዛት ቀላል ይመስላል። ገበያው ሙሉ ነው። ቀልድ የተጻፈበት ኩባያ አለ፣ ሲከፍቱበት የሚዘፍን መክፈቻ አለ፣ የጥይት ቅርጽ ያለው ማቀዝቀዣ አለ። አብዛኛው ግን ሳምንት ሳይሞላው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ክራፍት ቢራ፣ ማለትም ትንንሽ ጠመቃ ቤቶች ለጣዕሙ ተጠንቅቀው የሚጠምቁትን ቢራ፣ የሚወድ ሰው የሚያሳስበው ጣዕሙና መዓዛው ነው። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን ዕቃ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ብርጭቆው ውስጥ የሚገባውን ቢራ ያሻሽለዋል ወይ? የሚያሻሽል ከሆነ ግዙት። የማያሻሽል ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት።

1. መጀመሪያ ሰውዬውን እወቁት

የክራፍት ቢራ ወዳጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ቀማሽ ነው። ያልጠጣውን ቢራ ይፈልጋል፣ የቀመሰውን ይመዘግባል፣ አንድ ጠርሙስ ለአራት ተካፍሎ መጠጣት ደስ ይለዋል። ሌላው አከማቺ ነው። ጠንካራና ጥቁር ቢራዎችን ገዝቶ ለዓመታት ያስቀምጣል። ሦስተኛው ድራፍት ካልሆነ አይሆንለትም። ከጠማቂው ቤት አስቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አራተኛው ደግሞ ራሱ መጥመቅ ጀምሯል፣ ወይም ልጀምር እያለ ነው።

የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁም ማወቅ ይቻላል። ቤቱ ስትሄዱ በምን ብርጭቆ እንደሚጠጣ እዩ። ቢራውን የት እንደሚያስቀምጥ አስተውሉ። መለያው ተልጦ የታጠበ ባዶ ጠርሙስ ተደርድሮ ካያችሁ ሰውዬው ጠማቂ ነው፤ የገዛው ዕቃም ብዙ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ጠይቁት። ለጠማቂ ስጦታ በድብቅ መግዛት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

2. ቢራን የሚያበላሹትን አራት ነገሮች ያዙ

ብርሃን፣ ሙቀት፣ አየርና ቅባት። ዕቃ ስትመርጡ እነዚህን አራቱን ካወቃችሁ ሻጭ የሚነግራችሁን ሁሉ አታምኑም።

ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕስ የሚባለው ተክል አበባ ነው። ብርሃን ቢራው ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ራይቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ያንን ብርሃን ይቀበልና የሆፕሱን የምሬት ውህዶች ያፈርሳቸዋል። ስብርባሪው ከድኝ ጋር ሲዋሃድ በጣም ትንሽ መጠኑ እንኳን አፍንጫ የሚይዝ መጥፎ ጠረን ይፈጠራል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን በደንብ ይከላከላል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን እምብዛም አያድንም። ጣሳ ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። ስለዚህ በጠራ መስታወት የተሠራ፣ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የቢራ ማሳያ መደርደሪያ ለቢራው ጥሩ ስጦታ አይደለም።

ሙቀት እርጅናን ያፋጥናል። አየር፣ በተለይ ኦክስጅን፣ ቢራውን እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ይሰጠዋል። ቅባት ደግሞ አረፋውን ይገድለዋል።

3. ብርጭቆ ምረጡ

ለማንኛውም ዓይነት ወዳጅ የሚሆን አንድ ስጦታ ንገረን ብትሉኝ መልሴ ጥሩ ብርጭቆ ነው። መዓዛ የሚሰማን በአፍንጫ ነው፤ የብርጭቆው ቅርጽ ያንን መዓዛ ወይ ሰብስቦ ያቀርበዋል ወይ ይበትነዋል። ከጣሳው በቀጥታ የሚጠጣ ሰው የከፈለበትን ግማሹን አያገኘውም።

ቱሊፕ የሚባለው ብርጭቆ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ ከንፈሩ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ነው። ጠበብ ያለው ቦታ መዓዛውን ይይዛል፣ የተዘረጋው ከንፈር አረፋውን ይደግፋል። ሆፕስ ለሚበዛበት አይፒኤ ለሚባለው ቢራም፣ ለቤልጅየም ቢራዎችም፣ ለጠንካራ ጥቁር ቢራም ይሆናል። አንድ ዓይነት ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ግዙ። ወዳጃችሁ በቡድን የሚቀምስ ከሆነ አራት ተመሳሳይ ግዙለት፤ በተለያየ ብርጭቆ የተቀዳን ቢራ ማወዳደር አይቻልም።

ከዚህ ቤተሰብ ቴኩ የሚባለው በቀማሾች ዘንድ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ውስጥ ጠማቂው ቴዮ ሙሶና ኩዋስካ በሚል ስም የሚታወቀው ቀማሽ ሎሬንዞ ዳቦቬ ያወጡት ነው። ረጅም እግር ስላለው የእጅ ሙቀት ወደ ቢራው ቶሎ አይደርስም። ለአይፒኤ ብቻ ታስቦ የተሠራም አለ። የስፒጌላው ኩባንያ ዶግፊሽ ሄድና ሲዬራ ኔቫዳ ከተባሉት ጠማቂዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣው። የታችኛው ክፍሉ ቀለበት ቀለበት ያለው ሲሆን፣ በተጎነጩ ቁጥር ቢራው እዚያ ሲጋጭ አረፋው ይታደሳል። የሚያምር ዕቃ ነው፤ ግን ስስ ነው። እጁ ለሚከብድ ሰው አትስጡት።

የስንዴ ቢራ ለሚወድ ግማሽ ሊትር ቢራ ከነአረፋው የሚይዘውን ረጅሙን የስንዴ ቢራ ብርጭቆ ስጡት። በቅዝቃዜ ለሚፈላው ቢራ ለላገርና ለዚያው ዓይነት ለፒልስነር ቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ይበቃል። በተለምዶ ፓይንት የሚባለው ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራና ለመደርደር የሚመች ነው፤ መዓዛ ግን አይሰበስብም። ደግሞ ልኩን እዩ። የእንግሊዙ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የአሜሪካው 473 ብቻ ነው።

አንዳንድ ብርጭቆ ከሥሩ ላይ በሌዘር የተጫረ ትንሽ ምልክት አለው። ጌጥ አይደለም። ጋዙ ከዚያ ሻካራ ቦታ እየተነሳ የአረፋ ሰንሰለት ይሠራል። ለላገር ደስ ይላል፤ ቀስ ተብሎ ለሚጠጣ ቢራ ግን ጋዙን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ብርጭቆ የሚሰጥ ሰው ማጠቢያውንም ቢያስብ ጥሩ ነው። ከብርጭቆው ጋር ለእሱ ብቻ የሚሆን አዲስ ስፖንጅና ሽታ የሌለው ሳሙና ጨምሩ። የወጥ ድስት ያጠበ ስፖንጅ ብርጭቆው ላይ ቅባት ይተዋል። ታጥቦ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ በጨርቅ አይወልወል፤ አየር በሚያስገባ ማድረቂያ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ። መጽዳቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ውኃ አፍስሱበት። ውኃው እንደ ስስ ጨርቅ አንድ ላይ ከወረደ ንጹሕ ነው። ነጠብጣብ እየሠራ ከተቆራረጠ ቅባት አለ። ቢራ ከተቀዳ በኋላም የጋዝ ጠብታዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ያው ምልክት ነው።

ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ የማስቀመጥን ልማድ የሚያበረታታ ስጦታ አትግዙ። በረዶው ቀልጦ ቢራውን ያቀጥነዋል፣ ቅዝቃዜው መዓዛውን ያፍነዋል።

4. የሙቀት መጠኑን የሚያስተካክል ነገር ጨምሩ

ብዙ ሰው ክራፍት ቢራን ከመጠን በላይ አቀዝቅዞ ይጠጣል። በግምት ቀላል ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ፔል ኤልና አይፒኤ ከ7 እስከ 10፣ ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራና ጠንካራ የቤልጅየም ቢራ ከ10 እስከ 13 ቢሆን ይመረጣል። ይህን የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር ርካሽና ጠቃሚ ስጦታ ነው። በጨረር የሚለካው ዓይነት የጠርሙሱን ቆዳ እንጂ ውስጡን አይነግርም። ዘንግ ያለውን፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን ምረጡ። በመስታወቱ በኩል የሚታይ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትርም አከማቺውን ደስ ያሰኘዋል።

ጠርሙስ ውስጥ የሚከተት የብረት ማቀዝቀዣ ዘንግ ብዙ ይሸጣል። አልመክረውም። ቦታ ስለሚይዝ መጀመሪያ ትንሽ ቢራ ማጉደል ያስፈልጋል፣ ሲገባም አረፋ ያስነሳል። ባለ ሁለት ግድግዳው የጣሳ መያዣ ይሻላል። አዲስ ነገር አያደርግም፤ የቀዘቀዘውን ግን በቅዝቃዜው ያቆየዋል። ውጭ ተቀምጦ ለሚጠጣ ሰው ይሆናል።

5. መክፈቻ

እዚህ ብዙ አንቆይ። የቆርኪ መክፈቻ ሁሉም ቤት አለ። ቆርኪውን ዊልያም ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ መሠረታዊ ሐሳቡ ብዙ አልተለወጠም። ጥሩ መክፈቻ ረጅም እጀታ ያለው፣ ቆርኪውን ሳያጎብጥ የሚያነሳ ነው። ቆርኪ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወዳጃችሁ በቡሽና በሽቦ የሚታሸጉ ቢራዎችን የሚወድ ከሆነ ደግሞ የቡሽ መንቀያ ይኑረው። የጣሳን ክዳን ዙሪያውን ቆርጦ የሚያነሳ መሣሪያም አለ። ጣሳውን ወደ ብርጭቆ ይቀይረዋል፤ ጠርዙን ሳይስል የሚቆርጠውን ብቻ ግዙ።

6. ድራፍት ለሚወስድ ሰው፦ ግራውለር

ግራውለር ድራፍት ቢራ የሚቀዳበት፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትልቅ ዕቃ ነው። የተለመደው 1.9 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ግማሹም አለ። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ምርጫው ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት።

መስታወቱ ርካሽ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል፣ መጽዳቱም ከውጭ ይታያል። ከገዛችሁ ቡናማውን ግዙ። ድክመቱ ግፊት አለመቋቋሙ ነው። ሙሉው ግራውለር ፀሐይ ላይ ቢቀር በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት በእጅጉ ይጨምራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በረዶ ቢሠራም ይሰነጠቃል። ገና እየፈላ ያለ የቤት ቢራ በውስጡ ማሸግ ደግሞ አደገኛ ነው።

ባለ ሁለት ግድግዳ የማይዝገው ብረት ብርሃን አያስገባም፣ አይሰበርም፣ ቅዝቃዜውንም ለሰዓታት ይይዛል። ለብዙ ሰው ትክክለኛው ይህ ነው። ውስጡን በእጅ ማሸት እንዲቻል አፉ ሰፊ የሆነውን ፈልጉ፤ የክዳኑ ላስቲክ ተነቅሎ የሚታጠብ ይሁን።

ሦስተኛው ባለ ቧንቧና ባለ ጋዝ ነው። ክዳኑ ላይ ካርትሪጅ የሚባል ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መያዣ ይገጠምና ቢራው በተቀዳ ቁጥር ባዶ የሚሆነውን ቦታ ጋዙ ይሞላዋል። አየር ስለማይገባ ቢራው ለቀናት ጋዙንና ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ተራው ግራውለር ግን ከተከፈተ በአንድና በሁለት ቀን ማለቅ አለበት፤ ሳይከፈትም ከተሞላ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል።

ካርትሪጅ ስትገዙ ሦስት ነገር አረጋግጡ። መጠኑ፣ 8 ወይስ 16 ግራም? አፉ ጥርስ ያለው ነው ወይስ የሌለው? ለምግብ የተሠራስ ነው? ለአየር ጠመንጃ የሚሸጠው ውስጡ ዘይት ሊኖረው ይችላል። ክሬም ለመምታት የሚያገለግለው ደግሞ በመልኩ ይመሳሰላል እንጂ የያዘው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ሌላ ጋዝ ነው። ስጦታውን ያለ ካርትሪጅ አትስጡ፤ አንድ ሳጥን አብራችሁ ግዙ።

7. ቤቱ የቢራ ቧንቧ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ

ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ለአንድ ሰው ጓደኞች ተሰባስበው ቢያዋጡለት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ድሮ ለለስላሳ መጠጥ ያገለግል የነበረውን 19 ሊትር ገደማ የሚይዝ የብረት በርሜል ነው። ከእሱ ጋር የጋዝ ሲሊንደር፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ቱቦ፣ ቧንቧና በርሜሉን የሚያስገባ ፍሪጅ ያስፈልጋል። በ3 ወይም 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለተለመደ ቢራ ከ0.7 እስከ 0.8 ባር የሚሆን ግፊት ጥሩ መነሻ ነው።

ቢራው አረፋ ብቻ ሆኖ ሲወጣ ሰው መጀመሪያ ግፊቱን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቱቦው ማጠር ነው። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ ሦስት ሜትር ያህል ቢረዝም ፍሰቱ ይረጋጋል። ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ በማጽጃ መታጠብ አለበት። ስለዚህ የቱቦ ማጽጃ ኪት (የዕቃ ስብስብ) አብራችሁ ስጡ። ሲሊንደሩም ቀጥ ብሎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ።

በእጅ የሚነፋ የበርሜል ፓምፕ ግን የሚያስገባው ተራ አየር ነው። በርሜሉ በአንድ ምሽት ለሚያልቅበት ድግስ ጥሩ ነው፤ ለነገ ለሚተርፍ ቢራ አይሆንም።

8. መጥመቅ ለሚፈልግ ሰው የጀማሪ ኪት

በቤት መጥመቅ በሁሉም አገር አይፈቀድም፤ መጀመሪያ ሕጉን እዩ። አሜሪካ ውስጥ እንኳን በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ከተከፈቱት ትንንሽ ጠመቃ ቤቶች ብዙዎቹን ያቋቋሙት በቤታቸው ድስት የጀመሩ ሰዎች ናቸው።

መጠኑን ምረጡ። ኪቶች አብዛኛውን ጊዜ የ4 ወይም የ20 ሊትር ናቸው። ሞክሮ ለማያውቅ ሰው የ4 ሊትሩን እመርጣለሁ። በተራ የማብሰያ ድስት ይሠራል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ባይሳካ የሚደፋው ትንሽ ነው። የሚወጣው ግን አሥር ጠርሙስ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እንደሚቀጥልበት እርግጠኛ ለሆናችሁበት ሰው የ20 ሊትሩ ይሻላል። ሥራው ተቀራራቢ ነው።

ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ቆጥሩ። የመፍያ ዕቃ፣ ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ የአየር መቆለፊያ፣ ቢራውን ሳያናውጥ የሚያዛውር ቱቦ፣ ቴርሞሜትር፣ ቆርኪ መግጠሚያና ቆርኪ መኖር አለባቸው። ብዙ ኪት ላይ የሚጎድለው ማለቅለቅ የማያስፈልገው የጀርም ማጥፊያ ነው። እሱ ከሌለ ግዙና ጨምሩ። ጠመቃ ከምንም በላይ ንጽሕና ነው።

የእርሾውን ቀን እዩ። ከላገር ይልቅ የኤል ዓይነት ኪት ምረጡ። ኤል ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው የክፍል ሙቀት ይፈላል፤ ላገር ግን ከ8 እስከ 13 ስለሚፈልግ የተለየ ፍሪጅ ያስወጣል። ጠርሙስ የምታሰባስቡለት ከሆነ በጥምዘዛ የሚከፈተውን ተዉት፣ ቆርኪ በደንብ አይዝለትም። መደበኛው ቆርኪ 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ ጠርሙሶች ግን 29 ስለሚወስዱ ከመግጠሚያው ጋር መግጠማቸውን አረጋግጡ።

ሃይድሮሜትር ቢጎድል ለብቻው ገዝታችሁ ጨምሩ። ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ የስኳሩን መጠን የሚነግር ቀጭን የመስታወት መሣሪያ ነው። ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ይለካል፣ ልዩነቱ በ131.25 ይባዛል። ለምሳሌ 1.050 የነበረው ንባብ 1.010 ከደረሰ ልዩነቱ 0.040 ነው፤ አልኮሉም 5.25 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ እንዲለኩ የተሠሩ ናቸው፤ ትኩስ ፈሳሽ ላይ ከተጠቀሙበት ያሳስታል። ሃይድሮሜትር የደኅንነት መሣሪያም ነው። ንባቡ ለሁለትና ለሦስት ቀን ካልተለወጠ መፍላቱ አብቅቷል ማለት ነው። ሳያልቅ የታሸገ ቢራ፣ ወይም ሲታሸግ ከመጠን በላይ ስኳር የተጨመረበት፣ ጠርሙሱን ያፈነዳል። ለተለመደ ቢራ በሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር ይበቃል።

ስኳሩን በጥቂት ጠብታ የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ለቆየ ጠማቂ ጥሩ ነው። አልኮል ካለ በኋላ ግን ንባቡ በስሌት መታረም ስላለበት ለጀማሪ አልገዛም።

9. ለቀማሹ

ቀማሽን በጣም የሚያስደስተው፣ ሰዎችም እምብዛም የማያስቡት ስጦታ የጣዕም ጉድለት መማሪያ ኪት ነው። በትንንሽ ካፕሱል የሚመጡ ጣዕሞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ንጹሕ ላገር ውስጥ ይጨመርና ይቀመሳል። ዳይአሴቲል ቅቤ ይመስላል። አሴታልዴሃይድ ያልበሰለ ፖም ይሸታል። ዲኤምኤስ የተቀቀለ በቆሎን ያስታውሳል። ያረጀ ቢራ እርጥብ ካርቶን ነው። አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር እነዚህን የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ «ይህ ቢራ አልጣመኝም» ከማለት አልፎ ለምን እንዳልጣመው መናገር ይችላል።

አራት ትንንሽ ብርጭቆ የሚይዝ የእንጨት መቅመሻ ትሪም ለእንግዳ ደስ ይላል። ብርጭቆዎቹ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢሆኑ ይበቃል። የቅምሻ ማስታወሻ ደብተር ስትገዙ ለመልክ፣ ለመዓዛ፣ ለጣዕምና ለአፍ ስሜት የተለየ ቦታ ያለው ይሁን። ኮከብ ብቻ የሚሞላበት ደብተር ቶሎ ይሰለቻል።

10. ከዕቃው ጋር ቢራ ጨምሩበት

ከብርጭቆው ጋር የሚሄድ አንድ ሁለት ጠርሙስ ቢኖር ስጦታው የዚያኑ ቀን ሥራ ላይ ይውላል። ስትገዙ ከመለያው በፊት ቀኑን አንብቡ። የታሸገበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ይለያያሉ፤ ለአይፒኤ የሚጠቅማችሁ የመጀመሪያው ነው። የሆፕስ መዓዛ ቶሎ ይጠፋል፤ ከታሸገ ሁለትና ሦስት ወር ያለፈውን፣ በተለይ ከፍሪጅ ውጭ የቆየውን፣ ተዉት። ለአከማቺው ግን ተቃራኒው ነው። አልኮላቸው ከ8 በመቶ በላይ የሆኑ ጥቁርና ጣፋጭ ቢራዎች በጨለማ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ ቀጥ ብለው ቢቀመጡ ዓመታት ይቆያሉ። ከተመሳሳዩ ሁለት ስጡት። አንዱን አሁን ይጠጣል፣ ሌላውን ከዓመት በኋላ ያነጻጽራል።

በአውሮፕላን የምትወስዱት ከሆነ የእጅ ሻንጣ ላይ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይፈቀድም። በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፣ የምትገቡበትንም አገር የጉምሩክ ገደብ አስቀድማችሁ እዩ። እያንዳንዱን ጠርሙስ ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉ፣ በወፍራም ልብስ ጠቅልሉ፣ ሻንጣው መሐል አስቀምጡ። በመኪና ከሆነ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። እንደደረሳችሁ ፍሪጅ ይግባ፤ በጠርሙስ ውስጥ እርሾ ያለበት ቢራ ከሆነ ደለሉ እንዲረጋ ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቁም።